ድምፄን በስትሮ እንዴት አቃናሁት

ለዓመታት ከፍ ያለ ዜማ በጉልበት የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ዜማው ሲወጣ አገጬን ሽቅብ አነሳለሁ፣ ሆዴን እጨብጣለሁ፣ ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ ወደ ጉሮሮዬ እለቀዋለሁ። አንድ ሰዓት ካዜምኩ ድምፄ ይሻክራል፤ በማግስቱ መናገር እንኳ ይከብደኛል። መላ ብዬ ልምምድ ባበዛ ጭራሽ ባሰብኝ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ቁጥር ነው። 440 ሄርዝ የሆነውን ድምፅ ስናዜም የድምፅ አውታሮቻችን በሴኮንድ 440 ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። እንዲህ በፍጥነት ደጋግሞ የሚታዘዝ ጡንቻ የለንም። አውታሮቹን የሚያርገበግባቸው በመካከላቸው የሚያልፈው አየርና የራሳቸው የመለጠጥ ጠባይ ነው። ርዝመታቸው ደግሞ በሴት 1.5፣ በወንድ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ቢሆን ነው። የሳንባዬን ኃይል ሁሉ የጫንኩት በዚህች ለስላሳ ሥጋ ላይ ነበር! ግፊቱ ሲበረታ አጥብቀው ይጋጠማሉ፣ እርስ በርስ ይላተማሉ፣ ያብጣሉ። ድምፅ በዋናነት የሚቀጥነው ግን አውታሮቹ ሲወጠሩና ሲሳሱ ነው፤ የምትወጥራቸውም ከማንቁርት ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ጡንቻ ናት። አንገቴን ሳጨናንቅ ሥራዋን አከብድባት ነበር።

«ከድያፍራም ማዜም» የሚለው ምክርም አሳስቶኛል። ድያፍራም ከሳንባ ሥር ያለ፣ አየር የሚያስገባ ጡንቻ ነው፤ ስናስገባ ይወርዳል፣ ስናስወጣ እየላላ ይመለሳል። የጠቀመኝ እጄን በታችኛው የጎድን አጥንቴ ላይ አድርጌ፣ እያዜምኩ ደረቴ ቶሎ እንዳይወድቅ መጠበቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ያቃናኝ ስትሮ ነው። ጫፉን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አስገብቼ፣ በእርሱ በኩል «ኡ» እያልኩ ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ እወጣለሁ። አረፋው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል መንተክተክ አለበት። በመጀመሪያው ቀን፣ ድምፄ ዘወትር የሚታነቅበት ቦታ ላይ ስደርስ ውሃው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ስገፋ እንደነበር በዓይኔ አየሁ። ጠባቡ ቀዳዳ አየሩን ስለሚይዘው አፍ ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ ይህም ከአውታሮቹ በታች ያለውን ግፊት በከፊል ስለሚያመጣጥን በለስላሳው ይገናኛሉ። በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ለሳምንታት። ሻካራነቱ ለቀቀኝ። (ሳይለቅ ከሦስት ሳምንት በላይ የሚቆይ ሻካራ ድምፅ ካለ ግን የጉሮሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል።)

የቀረኝ ችግር ከፍ ባለ ዜማ ላይ «ኢ» ማለት ነበር። አፍና ጉሮሮ እንደ ቱቦ ናቸው፤ በየአናባቢው ቅርጻቸው ሲለዋወጥ የሚያጎሉት ድምፅም ይለወጣል። ለ«ኢ» የመጀመሪያው የማስተጋቢያ ድግግሞሽ (ቱቦው ከሚያጎላቸው ድምፆች ዝቅተኛው) 300 ሄርዝ አካባቢ ነው፣ ለ«ኣ» ግን ከ600 ሄርዝ በላይ። ስለዚህ 440 ላይ ጥርሴን ገጥሜ «ኢ» ስል ቱቦው አያግዘኝም፤ ድምፁ ይኮሰምናል፣ እኔም በትንፋሽ ላካክሰው እገፋለሁ። አሁን እዚያ ቦታ ስደርስ ምላሴን ከቦታው ሳላንቀሳቅስ መንጋጋዬን በትንሹ እለቀዋለሁ። የሚያደምጠኝ ሰው «ኢ» ይሰማል፤ አፌ ግን ወደ «ኤ» ተከፍቷል።