የሬሳ ሳጥን ቤቱ ሰዎች

ደሴ ላይ ሰው ሲያርፍ ከቤተሰቡ ቀጥሎ የሚነቃው ጥሩምባ ነፊው ነው። ከዚያ የቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር፣ ዳኛ ይነሳል። ከዚያ የድንኳኑ ቁልፍ ያለበት ሰው። ሟቹ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ የአናጢው በር ይንኳኳል። ሰፈርተኛው ጋቢውን ደርቦ ሲወጣ እነዚህ ሰዎች ግማሹን ሥራ ጨርሰውታል። ስማቸው ግን የትም አይጻፍም። ምስጋናው እንኳ "በሐዘናችን ጊዜ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ" ተብሎ በጅምላ ይታለፋል። ስለ እነሱ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። አጎቴን ከቀበርን ወዲህ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ።

የሬሳ ሳጥን ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። የባለቤቶቹን ስም አልጠቅስም፤ እንዲወራላቸው የሚፈልጉ ሰዎች አይደሉም። ደጁ ላይ የአበባ ጉንጉን ይሰቀላል። ሳጥኖቹ ግን ውስጥ ናቸው፣ ክዳናቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ። ይህ የሽማግሌው አናጢ ትእዛዝ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ዓይኑ ሳጥን ላይ እንዲያርፍ አይፈልጉም።

ሙያው ከአባታቸው የመጣ ነው። አባታቸው እጃቸውን ያፍታቱት ጣሊያን ደሴን በያዘበት፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ፣ በልጅነታቸው አናጢዎች ሥር መጋዝ እያቀበሉ ነው። ከነጻነት በኋላ አልጋ፣ ብፌ፣ ቁም ሳጥን ይሠሩ ነበር። የሬሳ ሳጥን የሚሠራው ሰው ሲያዝዝ ብቻ ነበር። ያኔ አብዛኛው ክርስቲያን በሰሌን ተጠቅልሎ ነበር የሚቀበረው። ሳጥን የሹምና የባለጸጋ ነበር። ከተማው ሲያድግ ትእዛዙ በዛ። አልጋና ብፌውን ትልልቅ የዕቃ መደብሮች ወሰዱት፤ ለዚህ ቤት ሳጥኑ ብቻ ቀረለት።

ሽማግሌው ስለ 66 እና ስለ 77 ረሃብ ሲጠየቁ ብዙ አያወሩም። የተራበው ሰው ከየገጠሩ ወደ አስፋልት ሲወጣ አይተዋል፤ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። "ለማን ትሠራለህ? ለስንቱ?" አሉኝ አንዴ። "ሰው በጆንያ ተቀበረ። በለበሰው ቡቱቶ ተቀበረ። ዛሬ አንድ ሰው በወጉ ሲቀበር ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።" ደስ የሚለኝ ያሉት ሰው ሞት አስደስቷቸው እንዳልሆነ ወሎዬ ሁሉ ይረዳል። እዚህ አገር በወግ መቀበር ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም።

ሽማግሌው ሙስሊም ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠሩት ሳጥን ለእሳቸው አይሆንም። የእሳቸው ከፈን ነው፤ ሦስት ነጭ አቡጀዲ። በቃሬዛ ወጥተው፣ ተሰግዶባቸው፣ በጎናቸው ቂብላ ዞረው አፈር ውስጥ ይተኛሉ። ክዳኑ ላይ የሚመታውን መስቀል ግን በእጃቸው ያስተካክላሉ። ዘመም ካለ ነቅለው ደግመው ይመቱታል። ደሴ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ አስገራሚ አይደለም። የእኛ ቅሬ ውስጥም ሁለቱም አሉ። ሙስሊም ሲሞት መቃብር ከሚቆፍሩት አንዱ ማተብ ያሰረ ነው። ክርስቲያን ሲሞት ሳጥኑን ከሚሸከሙት አንዱ ኮፍያ ያደረገ ነው፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሸክሞ ለሌላው ያስረክባል። ለቅሶ ቤት ንፍሮ፣ ዳቦና ሽሮ የሚበዛው ያለምክንያት አይመስለኝም። ሥጋ ከመጣ ማዕድ ይለያል። ንፍሮ ማንንም አይለይም።

አጎቴ ያረፉት በክረምት ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ሰፈሩን ሸፍኖታል። ከአክስቴ ልጅ ጋር ሄደን አንኳኳን። ሽማግሌው መብራት አብርተው ወጡ።

"አባባ፣ በሌሊት አስቸገርንዎት።"

"አብሽሩ። ማነው?"

ነገርናቸው። ትንሽ ዝም አሉና "እግዜር ያጥናችሁ፤ ደግ ሰው ነበሩ" አሉ። የአክስቴ ልጅ ቁመቱን የለካበትን ሲባጎ ከኪሱ ሊያወጣ ሲል በእጃቸው ከለከሉት። "ቁመታቸውን አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት በዚህ በር አልፈዋል።" ሜትራቸውን ዘርግተው ጣውላውን ቆረጡት። በኋላ ሲባጎውን ብናስተያየው ልክክ አለ።

ከተሠራ ሳጥን አንዱን ሊሰጡን ይችሉ ነበር። አጎቴ ግን ዘለግ ያሉ ስለሆኑ እግራቸው እንዳይታጠፍ ብለው አዲስ ሠሩ። መላጊያው ሲንሸራተት ቤቱ በጥድ ሽታ ተሞላ። ሳጥኑ ሲያልቅ፣ ጨርቁ ከመልበሱ በፊት፣ መዳፋቸውን ውስጡ አስገብተው ከራስጌ እስከ ግርጌ ዳሰሱት። ቀስ ብለው፣ ጎንና ጎኑን ሁሉ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። የሚስማር ጫፍ ወጥቷል። በመዶሻ መልሰው ቀበሩትና እንደገና ዳሰሱ። ማንም የማያየው፣ የተኛበትም ሰው የማይሰማው ነገር ነው። እኔ ያን እጅ አይቼ ነው ያለቀስኩት፤ እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር።

ጨርቁ የሳጥን ቤቱ ሴትዮ ሥራ ነው። እትዬ ነው የምንላቸው። ውስጡን በአቡጀዲ፣ ውጭውን በከፋይ ያለብሳሉ፣ ትንሿን ትራስ ይሰፋሉ፣ የአበባ ጉንጉኑንም እሳቸው ናቸው የሚያስሩት። ቀብር በሌለበት ቀን ቁጭ ብለው ትራስ ሲሰፉ ታዩዋቸዋላችሁ። ለሕፃን የሚሆነውን ሳጥን ግን ቀድመው አያለብሱም። "እሱን አዘጋጅቼ አልጠብቅም" ይላሉ። ሲመጣ ብቻ፣ በዚያች ሰዓት፣ ነጩን ጨርቅ ይቆርጣሉ። ዘመድ የሌለው ሰው ሞቶ ሳጥኑ በርካሽ ችፑድ ሲሠራ ደግሞ ጨርቁን አይቀንሱም። ከፋዩ ያው ነው፣ ትራሱም ያው ነው።

እዚያ ቤት ዋጋ ሲከራከር ያየሁት ሰው የለም። ሻጩም "ደግሞ ብቅ በሉ" አይልም። ገንዘቡን ተቀብለው "መጨረሻ ያድርግላችሁ" ይላሉ። ደንበኛው እንዳይመለስ የሚመርቅ ሌላ ሱቅ አላውቅም።

የሬሳ መኪናው ሹፌር ወጣት ነው፤ ብዙ ሰው ስለማያየው እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደሴ ተዳፋት ናት። የሰፈሩ መንገድ መኪና የማያስገባ ስለሆነ ሳጥኑ እስከ አስፋልት በትከሻ ነው የሚወጣው፤ በክረምት ጭቃ ላይ ደግሞ የፊቶቹ ተሸካሚዎች ጎንበስ፣ የኋላዎቹ ቀና ብለው። እሱ አስፋልቱ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ መጠምዘዣዎቹ ላይ እንዴት እንደሚነዳ ባየሁ ጊዜ አከበርኩት። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱ ሚኒባሶች እየቀደሙት ይሄዳሉ፣ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሬዲዮ አይከፍትም።

ከባዱ ሥራው የቦሌው ነው። ወሎ ውስጥ ልጁን ወደ ዓረብ አገር ያልላከ ቤት ማግኘት ይከብዳል። አንዳንዷ በሳጥን ትመለሳለች። እሱ 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከአውሮፕላን ማረፊያው ይረከባል፣ ሌሊቱን ነድቶ ያመጣል። ከደሴ አልፎ ወደ ገጠር ሲሄድ ቤተሰቡ አስፋልት ዳር ወጥቶ ይጠብቀዋል። እናትየው መኪናው ገና ሳይቆም ኮፈኑን ይዛ ታለቅሳለች። "እሷ ስትይዘው ሞተሩን ማጥፋት እንኳ እፈራለሁ፣ ድምፁ ሲቋረጥ የባሰ ይሆንባታል" አለኝ። ከውጭ የሚመጣው ሳጥን የታሸገ ነው። ሟቿ ሙስሊም ከሆነች ከሳጥኑ ወጥታ በከፈኗ ነው የምትቀበረው። ያን ጊዜ ሽማግሌው መፍቻቸውን ይዘው አብረውት ይሄዳሉ። ብሎኑን ፈትተው ዘወር ይላሉ። ሳጥን ለመክፈት ገንዘብ ተቀብለው አያውቁም፤ ባዶ የቀረውንም እንጨት አምጥተው ይሰባብሩታል እንጂ ለሌላ ሥራ አያውሉትም።

በሳጥን ቤቱ ደመወዝ የማይቆረጥላቸው ግን ያለ እነሱ ቀብር የማይሆን ሰዎችም አሉ። ሴት ሙስሊም ሲሞት የሚያጥቡት እናት አሉ፤ በራቸው ሲንኳኳ ማን ሞተ ብለው ሳይጠይቁ ማሰሮ ያነሳሉ። ለሴት ከፈኑ አምስት ነው፣ እሱንም እሳቸው ናቸው ቀደው የሚያሰናዱት። በክርስቲያኑ በኩል የሚገንዙ አዛውንት አሉ። አጎቴን የገነዙት እሳቸው ናቸው። አውራ ጣቶቻቸውን ሲያስሩ እያጫወቷቸው ነበር፤ "አይዞህ፣ አሁን እጨርሳለሁ" ይላሉ። አብሮ አደግ ናቸው። በሕይወት እያሉም አንተ ይባባሉ ነበር።

ጥሩምባ ነፊው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ብሎ የሚጀምረው ድምፁ በሰፈራችን ያልቀሰቀሰው ሰው የለም። ስሙን ይጠራል፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፣ ደግሞ ወደ ቀጣዩ መታጠፊያ ያልፋል። በ2012 ኮሮና ሲገባ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰው እንዳይሰበሰብ ሲከለክል፣ እየነፋ "እቤታችሁ ሆናችሁ ነፍስ ይማር በሉ" ይል ነበር። እንደዚያ ብሎ ማስተላለፍ ለእሱ ከባድ ነበር፤ ቅሬ ማለት መውጣት ነዋ። በ2014 ከተማዋ በጦርነቱ በተያዘችባቸው ሳምንታት ደግሞ እኛ ሰፈር ጥሩምባ አልተነፋም። መርዶ በሹክሹክታ ከቤት ቤት ይሄድ ነበር። ወጣቱ ሸሽቶ ስለነበር መቃብር የቆፈሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ጥሩምባ ነፊው ያን ጊዜ ዶማ ይዞ ነበር።

አሁን ቴሌግራም አለ። የሞተ ሰው ፎቶ ጥሩምባው ሳይነፋ ስልካችን ላይ ይደርሳል። ወጣቱ "ጥሩምባው ይቅር፣ ቴክስት ይበቃል" እያለ ነው። ቆፋሪም በገንዘብ ይቀጠር የሚል ሐሳብ በስብሰባ ተነስቷል። የኑሮ ሩጫውን አውቃለሁ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ መቆፈር እንደማይችልም አውቃለሁ። ቢሆንም አልስማማም። ቴሌግራም የሌላቸው እነዚያው ሽማግሌዎችና እናቶች ናቸው፣ ለቅሶውን የሚያደምቁትም እነሱ። ጎረቤቱን በእጁ ያልቀበረ ሰው ከጎረቤቱ ልጆች ጋር በምን ይተሳሰራል? በእኛ አገር ከቅሬ መባረር ከሁሉ የከፋ ቅጣት የሆነው ገንዘብ ስለሚያስቀር አይደለም። የሚቀብር እጅ ስለሚያሳጣ ነው።

በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁ። ጥሩምባ ነፊው ከወርኃዊ መዋጮ ነጻ ይሁን፤ የዝናብ ካፖርትና ጥሩ ቡትስ ይገዛለት። የሚያጥቡት እናትና የሚገንዙት አዛውንት ተተኪ የሚሆኑ ሰዎችን ከአሁኑ ያሳዩ፣ ፈቃደኛ ከተገኘ። የሳጥን ቤቱ ሰዎች ስም፣ ከአባትየው ጀምሮ፣ እነሱ ከፈቀዱ በቅሬው መዝገብ ላይ ይጻፍ። ጸሐፊውን አነጋግሬዋለሁ። መዝገቡ ላይ ባዶ ገጽ አለ ብሎኛል።