ሾዋ 39

ዛሬ ቤቴ የገባሁት የማታው ዜማ ሲሰማ ነው። ጃፓን ውስጥ በብዙ ሰፈር ሊመሽ ሲል ከድምፅ ማጉያ አጭር የልጆች መዝሙር ይለቀቃል። ማጉያው የተተከለው ለመሬት መንቀጥቀጥና ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው። መሥራቱን በየቀኑ በዚያው ይፈትሹበታል። ልጆቹ ሲሰሙት ጨዋታቸውን ትተው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። እኔም ሰባት ዓመት ሰምቼው ዛሬም ሆዴን ያባባዋል። "ኑ ግቡ፣ መሸ" የሚል የእናት ድምፅ ይመስለኛል።

የምንኖረው ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ ነው። በቶኪዮ ምሥራቅ፣ አራካዋ ወንዝ አጠገብ። ከሌላው የከተማው ሰፈር ይልቅ ሐበሻ የሚበዛው እዚህ ነው። የአገር ቤት ምግብ አይጠፋም፤ በዓል ሲደርስ የሚጠራራ ሰውም አለ። ሕንፃችን ውስጥ ግን እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን።

መጀመሪያ ዓመት ላይ የከበደኝ ቋንቋው ሳይሆን ቆሻሻ መጣል ነበር። የሚቃጠለው በሳምንት ሁለቴ ይወጣል። የማይቃጠለው በወር ሁለቴ። ጣሳው፣ ጠርሙሱ፣ ካርቶኑ ሁሉም ቀን አለው። አንድ ጠዋት ያወጣሁት ከረጢት ማታ ስመለስ እዚያው ቁራ መከላከያው መረብ ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ወረቀት ተለጥፎበታል። ማንበብ አልችልም ነበር፤ ግን የምን ወረቀት እንደሆነ ገባኝ። ጎረቤት ሁሉ አይቶት እንዳለፈ ሳስብ እንባዬ መጣ። ይዤው ልገባ ስል ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ሴትዮ ወጡ። ምንም አላሉም። ከረጢቱን ፈቱና አንድ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። ክዳኑን ከፈቱ፣ ዙሪያውን ያለውን ስስ ላስቲክ ላጡ፣ ጠፍጠፍ አደረጉት። ከዚያ ሁለተኛውን ለእኔ ሰጡኝ።

የምጠራቸው በቤተሰባቸው ስም ላይ "ሳን" ጨምሬ ነው። ደንቡ ያ ነው። በልቤ ግን እማማ ነው የምላቸው።

ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ አላለፍንም። ደረጃ ላይ እንገናኛለን፣ ጎንበስ እንባባላለን፣ ስለ አየሩ አንድ ቃል ይሉኛል፣ በቃ። አገሬ ቢሆን በሳምንቱ ቡና ተጠራርተን ነበር። እዚህ ሰው ቤት ዝም ብሎ አይገባም። ይህን ኩራት ብዬ የተረጎምኩበት ጊዜ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሰውን ላለማስቸገር እንዴት እንደሚጨነቁ ለማየት ጊዜ ይፈልጋል። እንዲህም ሆኖ የሚያም ነገር የለም አልልም። ባቡሩ ሞልቶ፣ ሰው ቆሞ፣ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሲሄድ አሁንም ያመኛል። ባለቤቴ "አትይው" ይለኛል። እንዴት አላየውም?

አንድ ቀን ደግሞ በሁሉም ሰው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ደብዳቤ ገባ። "በሕንፃው ውስጥ የጭስ ሽታ ስላለ ነዋሪዎች እንዲጠነቀቁ" ይላል። ስም አይጠራም። ለሁሉም ተጻፈ እንጂ ቡና የምቆላው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ቡና ቆልቼ አላውቅም። የተቆላ እገዛለሁ። እዚህ "ሞካ" ተብሎ የሚሸጠው ከእኛ አገርና ከየመን የሚመጣው ቡና ነው። ከረጢቱ ላይ ሲዳማ የሚል ሳነብ ደስ ይለኛል። ግን ያልቆላሁት ቡና የእኔ አይመስለኝም።

እማማን ያቀረበልኝ አበበ ቢቂላ ነው። ለፋሲካ የጋገርኩትን ድፎ ቆርሼ በሳህን በራቸው ላይ ቆምኩ። አገሬ የት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁኝ። "ኢትዮጵያ" ስላቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና "አቤቤ!" አሉ። እንደዚያ ነው የሚጠሩት። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው አብዛኛው ያውቀዋል። "ሾዋ 39፣ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ" አሉኝ።

ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ትንሽ ልበል። እዚህ ብዙ ቅጽ ላይ ዓመት የሚጻፈው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው፤ ሾዋና ሄይሴ የዘመኖቹ ስም ናቸው። እኔ በእኛ በ1982 መጋቢት ተወለድኩ። ፓስፖርቴ ላይ 1990 ነኝ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስሄድ ሄይሴ 2 ሆንኩ። ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች በዚህ ሲማረሩ እሰማለሁ። እኛን አይከብደንም፤ ዓመት መመንዘር ከልጅነት የለመድነው ነው። "ሾዋ" የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ደግሞ ሸዋን የጠሩልኝ መስሎኝ ልቤ ዘለለ።

እማማ ያሉት፣ አበበ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈበት ቀን፣ በእኛ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ 1964፣ ጥቅምት 21። አበበ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ከብሔራዊ ስታዲየሙ ተነሥተው በኮሹ ካይዶ መንገድ ወደ ምዕራብ ሮጡ፤ ቾፉ ላይ ዞረው ተመለሱ። የዞሩበት ቦታ ላይ ምልክት ድንጋይ አለ። ይህን ስነግራቸው እማማ ዝም አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶኪዮ ኖረው አይተውት አያውቁም። ባለቤቴ ዛሬ ሥራ ገቢ ስለነበር "እንሂድ?" አልኳቸው። እሺ ይሉኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

ጠዋት በር ላይ ጠበቁኝ። ባርኔጣ አድርገው፣ ኦኒጊሪ የሚሉትን የሩዝ ድብልብል በጨርቅ ጠቅልለው። እኔ ቡና በፔርሙስ ይዣለሁ። ከዮትሱጊ ተሳፍረን ሂጋሺ ኒሆምባሺ ወረድን። ከዚያ በምድር ውስጥ በእግር ወደ ባኩሮ ዮኮያማ ተሻግረን ሌላውን መስመር ያዝን። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠን ቶቢታኪዩ ጣቢያ ደረስን። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መንገዱን ሁሉ እማማ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ትከሻቸው ትከሻዬን ነክቶ። ስንቴ ባዶ ያየሁት ወንበር ነው።

ቦታው ላይ ደረስን። አውራ ጎዳና ነው፤ መኪና ይጮኻል። ትልቁ አጂኖሞቶ ስታዲየም ቅርብ ነው። ድንጋዩን የሚያየው ሰው አልነበረም። የአበበ አገር ሰው እኔ ነኝ፤ ቀድመው ጎንበስ ያሉት ግን እማማ ናቸው። እኔም ተከተልኩ።

ከዚያ አግዳሚ ወንበር ፈልገን ቁጭ አልንና አወሩኝ። አስተማሪያቸው ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍቶላቸው ነበር። ልጆቹ የሚጮኹት ለጃፓናዊው ትሱቡራያ ኮኪቺ ነው። ስታዲየሙ ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ ገባ፤ እዚያው ሜዳው ላይ እንግሊዛዊው ሂትሊ ቀደመው። ክፍሉ ሁሉ አለቀሰ። አበበ ግን 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ከአራት ደቂቃ በፊት ገብቷል። ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታል። "ሁሉም ሲያለቅስ እኔ ያንን ሰውዬ ነበር የማየው" አሉኝ። ድምፃቸው ቀነሰ። "ሁለቱም ወታደሮች ነበሩ።" እውነት ነው። አበበ ክብር ዘበኛ ነበር፤ ትሱቡራያ የጃፓን ጦር ውስጥ ነበር። ትሱቡራያ በፈረንጆቹ 1968 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ፤ ገና 27 ዓመቱ ነበር። አበበ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆነው በፈረንጆቹ 1973 በ41 ዓመቱ ሞተ። የሁለቱን ዕድሜ ስንቆጥር ለጊዜው ሁለታችንም ዝም አልን።

ቡናውን ቀዳሁላቸው። ጠጡና ስኒውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ "ያ ሽታ ለምን ቀረ?" አሉኝ። የቱ ስላቸው "እሑድ እሑድ ከላይ ይመጣ የነበረው" አሉ። ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው። የሆነ ነገር ሊሉ ፈልገው ተዉት። ከዚያ "በረንዳዬ ሰፊ ነው" አሉ።

ይህን ስጽፍ የእሳቸው ሳህን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማክሰኞ ካኪ የሚሉትን ብርቱካንማ ፍሬ ልጠው አምጥተውልኝ ነበር። እኛ ዘንድ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። እነሱም ዘንድ እንዲሁ ነው። ዱቄቱን አቡክቼ ሸፍኜዋለሁ፤ ለነገ ጠዋት ይደርሳል።