ጠዋት ታዛዥ፣ ሲሞቅ እምቢተኛ፦ የኮሮላዬ ምርመራ እስካሁን

መኪናዬ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ሞተር ያለው፣ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ኮሮላ ነው። ጠዋት ቁልፉን ገና ሲነኩት ይነሳል። ሞቆ ጠፍቶ ወዲያው ቢያስነሱትም አያስቸግርም። የሚያምፀው መካከል ላይ ነው፤ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ሲመለሱ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን ዘግይቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ይነሳል።

ባትሪ ቀይር፣ ካንዴላ ቀይር ያላለኝ ሰው የለም። ሞተሪኖው ራሱ ደክሞ ቀስ እያለ ቢያዞር ኖሮ ባትሪውን፣ ገመዶቹን፣ ሞተሪኖውን እጠረጥር ነበር። የእኔ በፍጥነት ስለሚያዞር ወደዚያ አልሄድኩም።

ፍንጩን የሰጠኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ሞተር ሲጠፋ ውሃው መዘዋወሩን ያቆማል፤ በኮፈኑ ስር ያለው ሙቀት ግን ለተወሰነ ጊዜ ከመውረድ ይልቅ ይጨምራል። ቤንዚን ውስጥ ያሉት ቀላል ክፍሎች ደግሞ በባሕር ወለል ላይ እንኳን 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መፍላት ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እንኳን እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቤንዚኑ ወደ እንፋሎት እንዳይለወጥ የሚይዘው በቧንቧው ውስጥ የሚቀረው ግፊት ነው። ግፊቱ ካመለጠ ኢንጀክተሮቹ ለጊዜው የሚረጩት እንፋሎት ይሆናል። ጠዋትም ግፊቱ የለም፤ ነገር ግን ቤንዚኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፓምፑ በቅጽበት ይሞላዋል።

በቅድሚያ ርካሹን ነገር አጣራሁ፤ ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ ለኮምፒውተሩ እየነገረ የቤንዚኑን መጠን የሚያስወስነውን የውሃ ሙቀት ሴንሰር። በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ማሳየት አለበት፤ አሳየም። ቀጥሎ የነዳጅ ግፊት መለኪያ ተዋስኩ።

እዚህ ላይ ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልበል። በቪዲዮ የምናየው «ቁልፉን ደጋግመህ ክፈት፣ ፓምፑ ይሞላልሃል» የሚለው ምክር በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ አይሠራም፤ ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው። መፍትሔው በኮፈኑ ስር ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ «ኤፍፒ» እና «ፕላስ ቢ» የሚሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘትና ቁልፉን መክፈት ነው። ሞቆ እምቢ ባለበት ሰዓት እንዲህ አድርጌ ፓምፑን ጥቂት ሳሠራው መኪናው እንደ ጠዋቱ ተነሳ። ስለዚህ ጉዳዩ የቤንዚን ማነስ እንጂ መብዛት አይደለም።

መለኪያው ፓምፑ ሲሠራ 2.8 ባር አነበበ፤ የሚፈለገው ከ2.7 እስከ 3.1 ስለሆነ ጤናማ ነው። ካጠፉት በኋላ ለ5 ደቂቃ ከ1.5 ባር በታች መውረድ የለበትም። የእኔ 5 ደቂቃው ሳይሞላ ወደ ዜሮ ተጠጋ።

የሚያፈሰው ከሦስት በአንዱ ነው፦ የግፊት መቆጣጠሪያው፣ ከኢንጀክተሮቹ አንዱ፣ ወይም ፓምፑ ውስጥ ቤንዚን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምታግደው ትንሽ ቫልቭ። ትርፍ ቤንዚን ከግፊት መቆጣጠሪያው ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልሰውን የጎማ ቱቦ ጫፉ ለስላሳ በሆነ መቆንጠጫ ስይዘው ግፊቱ እንደ ቀድሞው ወረደ። ከነዳጅ ማጠራቀሚያው የሚመጣውን፣ ከመለኪያው በፊት ባለው ቦታ ስይዘው ግን መርፌው ቆመ። ቫልቯ ናት ማለት ነው። (የፕላስቲክ ቱቦ ያላቸው መኪናዎች ላይ ይህን አትሞክሩ፤ ይሰነጠቃል። እሳት ማጥፊያም ከእጅ አይራቅ።)

ቫልቯ ለብቻዋ አትሸጥም፤ ከነፓምፑ መቀየር አለባት። ሶማሌ ተራ አሮጌ ፓምፕ ሞልቷል፤ ሆኖም ያረጀ ቫልቭ በሌላ ያረጀ ቫልቭ መተካት ትርጉም አይሰጠኝም። አዲስ እያፈላለግሁ ነው። እስከዚያው በቱቦው መስመር ላይ የማይመልስ ቫልቭ ለብቻው ያስገባችሁ ካላችሁ፣ በሙቀት ጊዜ ግፊቱን ምን ያህል እንደያዘላችሁ ንገሩኝ።