ከፎቶው ሥር የሚጻፍ ስም፦ በጀጎል ሰፈሬን እንዴት ፎቶ እንዳነሳሁ

ሐረር ለካሜራ አዲስ ከተማ አይደለችም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከመመዝገቡ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1883 እ.አ.አ.፣ በከተማዋ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከሊዮን ባስመጣው ካሜራ ራሱንም አካባቢውንም አንስቷል። ከእነዚያ ፎቶዎች አንዱ ቡና የሚጫንበትን የቆዳ ከረጢት የሚሠራ የሐረር ሰው ያሳያል። ፎቶው የሚታወቀው «ዳቡላ ሠሪው» በሚል መጠሪያ ነው፤ ሙያው ተጽፎለታል፣ ስሙ ግን አብሮት የለም። የሰፈሬን ሰዎችና የእጅ ሥራቸውን ለማንሳት ስነሳ የቆረጥኩት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነበር፦ እኔ የማነሳው ሰው ከነስሙ ይቀመጣል።

ጀጎል 48 ሄክታር ገደማ ብቻ ብትሆንም ሁሉን እነካለሁ የሚል ሰው ምንም ሳይዝ ይመለሳል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ተወሰንኩ። አምስቱን ጥንታዊ በሮችና ማታ ማታ የሚቀለቡትን ጅቦች ለእንግዶች ተውኩላቸው፤ እነርሱ ፎቶ አጥተው አያውቁምና። ባለ ቀለም ግድግዳዎቹን እንኳ ያነሳሁት ከረመዳን በፊት ሴቶቹ ባልዲና ብሩሽ ይዘው ሲቀቧቸው ነው፤ ቀቢዋ የሌለችበት ግድግዳ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ማን እንደ ደከመበት አይናገርም።

የጀመርኩት ከመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወርደው በዚያ ጠባብ መንገድ ዳር ዳሩን ስፌት መኪናቸውን ደርድረው ስለሚሠሩ ፎቶ አንሺ የማንንም ደጃፍ ማንኳኳት አያስፈልገውም፤ ይህ ማለት ግን ፈቃድ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ከመኪናው የሚነሳ እግር እስኪያርፍ፣ ክሩም እስኪበጠስ ጠብቄ «ሥራዎን ባነሳ ቅር ይልዎታል?» ብዬ እጠይቅ ነበር። «ፊትዎን» ሳይሆን «ሥራዎን» ማለቴ ብዙ በር ከፍቶልኛል። ብርሃኑ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ መንገዱን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ይሆናል። መፍትሔው ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት መሥራትና ሰውየውን በጥላው በኩል፣ ፀሐይ የመታችው በኖራ የተቀባ ግድግዳ ፊት ለፊቱ እንዲሆን አድርጎ ማንሳት ነው። ኖራው ብርሃኑን መልሶ ፊት ላይ ስለሚያሳርፈው ሌላ መብራት አያስፈልግም።

ብዙ ጊዜዬን የወሰደው የሰፌድና የሙዳይ ስፌት ነው፤ ያለ ጸጸትም ወሰደው። ከጎረቤቶቼ አንዷ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ ከቀትር በኋላ በግቢያቸው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይሰፋሉ። አክርማውን ውኃ ውስጥ ነክረው ካለሰለሱት በኋላ በወስፌ ካለፈው ዙር ሥር ይወጋሉ፤ በቀዳዳው አሾልከው በግራ አውራ ጣታቸው ጫን እያሉ ይስቡታል፤ ከዚያ እንደገና ይወጋሉ። አለላው ሲቀየር፣ ቀዩ አልቆ አረንጓዴው ሊገባ ሲል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለሚያያቸው የሚያወሩ ይመስላሉ እንጂ የሚቆጥሩት ስፌት ነው፤ ንድፉ በወረቀት ላይ የለም፣ ያለው በቁጥሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለእኔ ዋናው ፎቶ ያለቀው ሙዳይ ሳይሆን ያ የሚቆጥር አፍና የቆመው ወስፌ በአንድ ላይ የሚታዩበት ሆነ። እጁ ፈጣን ስለሆነ የካሜራውን ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ በታች አላወርድም ነበር።

ወደ ቤት ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። በሐረሪ ባህላዊ ቤት ብርሃን በአብዛኛው የሚገባው በበሩ ነው፤ በደረጃ ከፍና ዝቅ ያሉት አምስቱ ነደባዎች፣ ማለትም የመቀመጫ መደቦች፣ ከበሩ በራቁ ቁጥር ይጨልማሉ። ፍላሽ ማብራት ደግሞ አይሆንም፤ በግድግዳው ላይ ከስፌቶቹ ጋር የተደረደሩት ሳህኖች ያብለጨልጩና ሌላውን ሁሉ ይውጡታል። እኔ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ስልኩን በነደባው ጠርዝ ላይ አስደግፌ፣ በ2 ሰከንድ ማዘግያ ማንሳቱ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሰው ካለበት ትንፋሹን ያዝ እንዲያደርግ መለመን ነው።

አልገባበት ያልኩት ቦታም አለ። ሴቶቹ ለሰርግና ለለቅሶ የሚረዳዱበት አፎቻ የራሳቸው ነው፤ ወንድ ፎቶ አንሺ እዚያ ሥራ የለውም። እኚያ እናት «ልጄ፣ አንተ እዚህ ጠብቅ፤ እኅትህ ትግባ» አሉኝና ታናሽ እኅቴ በስልኳ አነሳች። ከመግባቷ በፊት የነገርኳት ነገር ቢኖር ሁለት ብቻ ነው፦ መነሳት የማይፈልግ ሰው ያለበትን ፎቶ እዚያው፣ ሴትየዋ ፊት አጥፊ፤ የምትወጂውን ደግሞ ለእነርሱ አሳይተሽ አስመርጪ። ከስብስቡ ሁሉ እኔ የምኮራባቸው ፎቶዎች የእርሷ ናቸው፤ ሥራቸውም የተጻፈው በእርሷ ስም ነው።

ስም የማስጻፉ ነገር ከማንሳቱ ይልቅ ጊዜ ፈጀ። ደብተሩን ዘርግቼ «ከፎቶው ሥር ምን ይጻፍ?» ስል አንዳንዱ እስከ አያቱ አስቆጠረኝ፤ አንዳንዷ በልጇ ስም «የእገሌ እናት» ተብላ መጻፍ ወደደች። አንድ ልብስ ሰፊ ከራሱ ስም በታች የስፌት መኪና ያስተማሩት ሰው ስም ካልገባ ፎቶው እንዲቀር አስረግጦ ነገረኝ፤ ገባ። ስፌት ሰፊዋም «ንድፉ የእናቴ ነው» ብለው የእናታቸውን ስም አስቀደሙ። እኔ በእኔ አሳብ «ስም፣ ሙያ፣ ሰፈር» የሚል ሦስት መስመር አዘጋጅቼ ነበር፤ እርሱ ቀረና እያንዳንዱ ባለቤቱ እንዳለው ተጻፈ። እዚህ ስማቸውን ያልጠቀስኩት ለፎቶው ሥር እንጂ ለዚህ ጽሑፍ ስላልሰጡኝ ነው።

ያሳየሁት በዚያው ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ጊዜውን ሹዋሊድ ላይ አደረግኩት። ሐረሪዎች ከዒድ አልፈጥር በኋላ ስድስቱን ቀን ጾመው የሚያከብሩት ይህ በዓል፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው፣ ራቅ ብለው የሚኖሩ ዘመዶችን ወደ ከተማዋ ስለሚሰበስብ ተመልካች አይታጣም። ፎቶ ቤት ያሳተምኳቸውን ምስሎች ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኳቸው። ገመዱ መወጠር ያለበት በጥላው በኩል ነው፤ ፀሐይ ወረቀቱን ይጠቀልለዋል፣ ቀለሙንም ይበላዋል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ቅጂ ማሳተምም ግድ ነው፤ ባለቤቱ ባየ ጊዜ ነቅሎ ይዞት ስለሚሄድ ለቀሪው ተመልካች ሌላው ይተካል። እኔ መውሰዳቸውን አልከለከልኩም፤ የታተመው ለዚያ ነውና።

ያልጠበቅኩት ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ጎረቤቶች በየሣጥናቸው የነበሩ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎችን ይዘው መጡ፤ ብዙዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ከቤተሰቡ አንድ ሁለት ሰው ብቻ ያውቃል፣ እርሱም ያረጀ ነው። አሁን የምሠራው በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ነው። ፎቶውን ከአልበሙ ሳልገነጥል፣ ከጥላ ሥር ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጌ፣ ያለ ፍላሽ፣ ካሜራውን ልክ ከላይ ወደ ታች አቅንቼ አነሳለሁ። መውጣት የሚችል ከሆነ ጀርባውንም አነሳለሁ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ አንዳንዴም በእርሳስ የተጻፈ ቀን የሚገኘው እዚያ ነው። ስሞቹን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሲናገሩ በስልክ ድምፃቸውን ቀድቼ በኋላ ወደ ደብተሩ አዛውራለሁ፤ የአንዱን ሰው ስም ሁለት ሽማግሌዎች ለየብቻ ከነገሩኝ ሁለቱንም እጽፋለሁ።