ሪከርድ የሌለው ወገብ

ካርድ ክፍል የሚሰራ ሰው በዘመድ ዘንድ ያለው ቦታ ልዩ ነው። ሐኪም አይደለሽም፣ ግን ሐኪሙ የጻፈውን ከመደርደሪያ የምታወርጂው አንቺ ስለሆንሽ ሁሉም ነገር በእጅሽ ያለ ይመስላቸዋል። እኔም እዚህ ጅማ አንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ከገባሁ ወዲህ ከውጭ የማይደወልልኝ ጉዳይ የለም፣ አንዱ ለኢንሹራንስ ይላል፣ አንዱ ለኢሚግሬሽን ኬዝ፣ አንዷ የልጇን የክትባት ወረቀት ትፈልጋለች። ባለፈው ግን ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ በአይሞ ደውላ ገና ደህና ናችሁ ወይ ሳንባባል "የወገቤን ሪከርድ አስወጪልኝ፣ የሜዲካል ማሪዋና ካርድ ላወጣ ነው" ስትለኝ በቃ ይሄ አዲስ ነው አልኩ።

ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። እቴቴ፣ እናቷ ማለት ነው፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለው ጫታቸውን እየቀነጠሱ ሁሉንም ሰምተዋል። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "በስመ አብ፣ ሀሺሽ ጀመረች?" አሉኝ። እኔ ደግሞ ኧረ እቴቴ፣ እጅዎት ላይ ያለውን ይዘው ዋሽንግተን ደለስ ቢወርዱ እኮ ከኤርፖርት አያልፉም ብዬ ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ላይ የተጻፈ ነገር ነው፣ እዚህ ግን ፈረንጅ አራዳም ሂዱ ሄርማታም ሂዱ ጫት በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። ማሪዋናው ደግሞ እዚያ ፈቃድ ባለው ሱቅ በደረሰኝ ይገዛል፣ እኛ ጋ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስከስሳል፣ ለሕክምና ነው ቢባልም የተከፈተ በር የለም፣ ሻሸመኔ ያሉት ራስታዎች እንኳን እምነታችን ነው ቢሉም አልተፈቀደላቸውም። እቴቴ በዚህ ሁሉ አልተጽናኑም። "ጫት እኮ ሰው ያጫውታል" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ልጅቷ ሱሰኛ አይደለችም። ጅማ እያለች ወደ ቆጪ ስትሄድ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ወገቧን ተመታች። ያኔ ሆስፒታል ሄዳ ኤክስሬይ ተነሳች፣ ስብራት የለም ተባለች፣ ዲክሎፍናክ ተወግታ ወደ ቤቷ ተላከች። ከዚያ ወገቡ እምቢ ሲል ወጌሻ ጋ፣ ከወጌሻ ጠበል፣ ከጠበል ፋርማሲ፣ ፋርማሲው ደግሞ ያለ ማዘዣ ማስታገሻ እየሰጣት ጊዜው ሄደ። የብዙዎቻችን የሕክምና ታሪክ እኮ እንዲህ ነው፣ ወጌሻ ፎልደር አይከፍትም፣ ጠበልተኛ የካርድ ቁጥር የለውም፣ ፋርማሲስቱም ማን ምን እንደወሰደ አይመዘግብልሽም፣ ስለዚህ ዓመታት የታመመ ሰው ወረቀት ላይ ሲታይ አንድ ቀን ብቻ ያመመው ይመስላል። በኋላ ዲቪ ደረሳት፣ ሄደች፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሳት ጀመረች፣ ወገቧ ተነሳባት፣ ኢንሹራንስ ስላልነበራት በአይቡፕሮፌን ቻለችው። የሥራ ጓደኛዋ ለምን ሜዲካል አታወጪም አለቻትና ኦንላይን የአንድ ክሊኒክ ፎርም ከፈተች፣ ፎርሙ ላይ የቀድሞ የሕክምና ማስረጃ ካለዎት ያያይዙ የሚል አየች፣ እሷ ግን ያለ ማስረጃ አትምጪ እንደተባለች ነው የወሰደችው። አልፈርድባትም። ቀበሌ ያሳደገን ሰዎች ነን፣ ካለዎት የተባለ ነገር ከሌለን ከመስኮት እንደምንመለስ እናውቃለን።

ወረቀቱን ለማውጣት የሄደውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሌሎቻችሁም ታስጠይቃላችሁ። ካርዷ ያለው እኔ የምሰራበት ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው። እዚያ ያለችው ልጅ ባለቤቷ ካልፈረመች አልሰጥም አለች፣ ልክ ናት፣ እኔም ብሆን አልሰጥም፣ የሰው ካርድ የሰው ምስጢር ነው፣ ዘመድ ነኝ ስላልሽ ከመደርደሪያ አይወርድልሽም። ውጭ ላለ ሰው ትክክለኛው መንገድ ውክልና ነው፣ ኤምባሲ ይሰጣል፣ አዲስ አበባ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ነው እጅሽ የሚገባው። ውክልናው ከመጣ በኋላም ፍለጋው ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ቁጥሯን አታስታውስም፣ በስም ሲፈለግ ደግሞ ካርዱ ላይ በእሷና በአባቷ ስም ነው ያለችው፣ ፓስፖርቷ ላይ የአያቷ ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል፣ የእንግሊዝኛው ፊደል አጻጻፍም አይገጥምም።

የወጣው አንድ ገጽ ነው። በሐኪም እጅ የተጻፈ ሁለት መስመር፣ ከአደጋ በኋላ የወገብ ሕመም፣ ዲክሎፍናክ፣ እረፍት። ደግነቱ ሐኪሞቻችን ካርድ ላይ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማስተርጎም አያስፈልግም፣ ማንበብ ከተቻለ ማለቴ ነው። ጉዱ ያለው ቀኑ ላይ ነው። 5/6/2009 ይላል። ለእኛ የካቲት 5 ነው፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017 ማለት ነው፣ አሜሪካዊ ሐኪም ግን ይሄን ሲያይ ሜይ 6 ቀን 2009 ብሎ ነው የሚያነበው፣ ስምንት ዓመት ግድም ወደ ኋላ ሄደ፣ ታካሚዋ ደግሞ አደጋው በ2017 ነው ትለዋለች፣ ወረቀቱና አፏ አልገጠሙም ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ የምታጽፉ ሰዎች ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍልኝ በሉ፣ ስሙም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን። ኤክስሬዩስ ካላችሁኝ፣ ፊልሙ የሚሰጠው ለታካሚው ነው፣ እቴቴ ቁምሳጥን ጀርባ አስቀምጠውት ነበር፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ ስትጋረድ የሰፈር ልጆች ቆራርጠው አዩበት። ያንንም አታድርጉ፣ በኤክስሬይ ፊልም ፀሐይ አይታይም፣ ዓይን ያጠፋል።

ማታ ማታ ደግሞ የቨርጂኒያን ሕግ አነብ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር በየስቴቱ ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያ የፈቀደችው ካሊፎርኒያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በሕዝብ ድምፅ። ፌደራሉ ግን በ1970ው ሕግ ካናቢስን፣ ማሪዋናን ማለት ነው፣ ከባዱ መደብ ውስጥ ከተተው፣ በዚህ ምክንያት ሐኪሙ እንደ አሞክሳሲሊን ማዘዣ ጽፎ ፋርማሲ አይልክሽም፣ ሕመም አለባት፣ ሊጠቅማት ይችላል ብሎ ማረጋገጫ ይጽፍልሻል፣ በዚያ ነው ፈቃድ ካለው ሱቅ የሚገዛው። ቨርጂኒያ ደግሞ የበሽታ ዝርዝር የላትም፣ ባለሙያው ካመነበት በቂ ነው፣ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ወዲህ ስቴቱ ጋ ተመዝግቦ ካርድ ማውጣቱ ራሱ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፣ የሐኪሙ ማረጋገጫና መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው፣ ቀጠሮውም በቪዲዮ ይሆናል።

እንግዲህ ሪከርድ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል ለሚለው መልሱ ቀላል ሆነ፣ ይመረመራል። መቼ ጀመረሽ፣ የት ላይ ነው፣ ወደ እግርሽ ይወርዳል ወይ፣ ምን ወስደሽ ምን አልሰራልሽም ይልሻል፣ ያንን ይጽፈዋል፣ በቃ የመጀመሪያው ሪከርድሽ እሱ ነው። ወጌሻውንም ንገሪው አልኳት፣ እንዳታፍሪ፣ ታሽተሽ ታሽተሽ ያልዳነ ወገብ ለሐኪም መረጃ ነው። ደግሞ እዚያ ያለሽን ወረቀት ሰብስቢ፣ ከሁለት ዓመት በፊት አንዴ አስቸኳይ ክሊኒክ ሄዳ ነበር ለካ፣ ረስታዋለች፣ የሄደችበት ቦታ ሁሉ ቅጂውን ስትጠይቅ በ30 ቀን ውስጥ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ሂፓ የሚሉት የፌደራል ሕግ ነው። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ወረቀትም ስምና ቀን ስላለው ይጠቅማል። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር ቢሄድ እንደ ገቢው ነው የሚከፍለው፣ እዚያ አንዴ ከታየ ፋይል ተከፈተለት ማለት ነው።

ሐኪሙ ግዴታ የለበትም ደግሞ። ጠንቃቃ ከሆነ መጀመሪያ ኤምአርአይ ተነሺ፣ ፊዚዮቴራፒ ሞክሪ ሊል ይችላል፣ እንደዚያ የሚለው ሐኪም ሳያይሽ በደቂቃ እናጸድቅልሻለን ከሚለው ድረ ገጽ ይሻላል ባይ ነኝ፣ እነዚህ ብር ተቀብለው የማይረባ ወረቀት በኢሜል የሚልኩ ሞልተዋል። ነገሩ ለሕመም ይሰራል ወይ ለሚለው ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች በ2017 ያወጡት ሪፖርት አለ፣ በአዋቂዎች ላይ ለሥር የሰደደ ሕመም ጠንከር ያለ ማስረጃ አለ ይላል፣ ሁሉን ያድናል አይልም።

ሌላ ስቴት ያላችሁ በእሷ እንዳትለኩት። ዲሲ ነዋሪ ሆኖ 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ሐኪም ራሱ አረጋግጦ ይመዘገባል። ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ያለ ምንም ካርድ ይሸጣል፣ ሜዲካሉ የሚጠቅመው ከሽያጭ ታክሱ ነፃ ስለሚያደርግ ነው። ፔንሲልቫኒያ ግን የበሽታ ዝርዝር አላት፣ ሐኪሙ ከዝርዝሩ አንዱ እንዳለብሽ ማረጋገጥ አለበት፣ እዚያ ወረቀት ክብደት አለው። ቴክሳስ ጭራሽ ካርድ የሚባል የለም፣ የተመዘገበ ሐኪም ራሱ ስቴቱ መዝገብ ላይ ያስገባዋል።

ይሄን ሁሉ ስነግራት ደስ ብሏት ቀጠሮ ልትይዝ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አስጨነቀኝ፣ ግሪን ካርዷ። ዜግነት ልታመለክት ነው፣ ዓመቱ ደርሶላታል። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ ላይ ስቴቱ ቢፈቅድም በፌደራል ሕግ ክልክል ስለሆነ ማሪዋና መጠቀም የመልካም ሥነ ምግባር መስፈርቱን ሊያስጥል ይችላል ብሎ በግልጽ ጽፏል። ፎርሙ ላይ ስለ ዕፅ ይጠየቃል፣ ኢንተርቪው ላይ በመሐላ ይጠየቃል፣ አዎ ካልሽ ችግር ነው፣ ዋሽተሽ አይ ካልሽ የባሰ ነው። ጅማ መጥታ ስትመለስም ኤርፖርት ላይ ቢጠይቋትና በአፏ ብታምን መዘዝ አለው። ይሄን ዜጋ የሆነችው የሥራ ጓደኛዋ ልትነግራት አትችልም፣ አይመለከታትማ። ክሊኒኩም አይነግርሽም፣ የእሱ ሥራ ሕመሙ ነው። ማሪዋናው ለእኔ እንደማንኛውም መድኃኒት ነው፣ ምንም አይመስለኝም፣ ግን ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከሐኪሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማናገር አለበት፣ ሪከርድ አለኝ የለኝም ከማለቱ በፊት።

ባሏ ደግሞ ሾፌር ነው፣ ትልቁን መኪና ነው የሚነዳው። የፌደራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሽንት ምርመራ ላይ ከተገኘ የሐኪም ማረጋገጫ አለኝ ብሎ ማለፍ የለም፣ ሜዲካልም ሆነ አልሆነ መንጃው ላይ ይመጣል። እሱ ራሱ ባይወስድም ቤት ውስጥ ያለ ከረሜላ መሳይ ነገር ባለማወቅ ተበልቶ ሥራውን ሊያሳጣው ነው። ባሏ ይሄን ሲሰማ ነው ከበስተጀርባ "አልኩሽ አይደል!" ያለው።

ጠበቃ አናገረች፣ ጠበቃዋ ለዜግነቱ መሐላ እስክትምዪ ድረስ አትንኪው አለቻት። አሁን ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር ፋይል አስከፍታ ፊዚዮቴራፒ ጀምራለች፣ የጅማውን ገጽ ሐኪሟ ተቀብሎ ፋይሏ ውስጥ አስገብቶታል፣ ቀኑን ከጎኑ በፈረንጅ ጽፌበት ነው የላክሁት። ማረጋገጫውን ከዜግነቱ በኋላ አስብበታለሁ ትላለች።

እቴቴ ደግሞ ነገሩ ለወገብ ነው ከተባለ ወዲህ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ሰሞኑን ጠጋ ብለው "እንግዲያው ለጉልበቴ የሚቀባ ካለው ትላክልኝ" አሉኝ። አይሆንም እቴቴ፣ ቅባትም ሆነ ዘይት ሰው ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ቦሌ ላይ የአሜሪካ ሐኪም ወረቀት አይሰራም፣ ተሸካሚው ነው የሚታሰረው አልኳቸው። ዲክሎፍናክ ጄል አጂፕ ሰፈር ካለው ፋርማሲ ገዝቼ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ይሸታል ብለው አልወደዱትም።