የገና ሰላምታ ከቶኪዮ፣ ለጌም ወዳጆቼ ሁሉ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! አገር ቤት ያላችሁ፣ ዲሲና ዱባይ፣ ቴል አቪቭና ፍራንክፈርት ያላችሁ፣ ሌሊት ሌሊት ጆይስቲክ ይዘን የምንገናኝ ሁሉ፣ ጾሙን አስፈጽሞ ለዚህ ቀን ያደረሰን አምላክ ይመስገን።

እኔ ባለሁበት ቶኪዮ ዛሬ ተራ የሥራ ቀን ነው። እናንተ ጋ ዶሮው ከነእንቁላሉ ሲቀርብ፣ እዚህ ጃንዋሪ 7 ጠዋት የሚበላው ናናኩሳ ጋዩ ነው። ሰባት ዓይነት ቅጠል ተከትፎ የገባበት ቀጠን ያለ የሩዝ አጥሚት በሉት። ጃፓኖች አዲሱን ዓመት ከጃንዋሪ 1 ጀምረው ሲበሉ ሲጠጡ ስለሚሰነብቱ፣ በሰባተኛው ቀን ሆዳቸውን ያሳርፉበታል። ሱፐርማርኬቶች ሰባቱንም ቅጠል አንድ ላይ አሽገው ይሸጣሉ። እኛ ጾም በምንፈታበት ጠዋት እነሱ ጾም ቢጤ ይጀምራሉ ማለት ነው! አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት ትናንት ማታ አንድ እሽግ ሰጡኝ። ስለዚህ ጠዋት አጥሚቱን ጠጥቼ ሥራ ገባሁ፤ ማታ ደግሞ ዶሮ ወጡ ይጠብቀኛል።

ዓመቱን ሙሉ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ጃፓን በጌም እንደምናያት ናት ወይ?» ዛሬ በዓልም ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። አዎ፣ ናት። ጎራዴውና ጭራቁ ፈጠራ ነው፤ «ይሄ ሰውዬ አሁን ምን እያደረገ ነው?» እያላችሁ የሳቃችሁበት ጥቃቅን ነገር ግን በሙሉ እውነት ነው። ጌም ሠሪዎቹ መስኮታቸውን ከፍተው ያዩትን ነው ያስገቡት።

ከባቡሩ ልጀምር። ታይቶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 «ዴንሻ ዴ ጎ» የሚል የባቡር መንጃ ጌም አወጣ። ጠላት የለው፣ ተኩስ የለው። ሥራችሁ ባቡሩን በሰዓቱ ማድረስና የተሰመረለት ቦታ ላይ ማቆም ብቻ ነው። ጥቂት ሰከንድ ከዘገያችሁ ወይም መስመሩን ካለፋችሁ ነጥብ ይቆረጥባችኋል። ለማያውቅ ሰው ሳወራው «ይሄ ምኑ ነው ጨዋታው?» ይለኛል። እሱ እዚህ ይምጣና ፊተኛው ፉርጎ ላይ ይሳፈር። ነጭ ጓንት ያጠለቀው ሹፌር ብቻውን ተቀምጦ ያወራል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን በጣቱ ይጠቁምና ጮክ ብሎ ይናገራል። የፍጥነት መለኪያውን ይጠቁማል፣ ይናገራል። ሰዓቱን ይጠቁማል፣ ይናገራል። የሚመልስለት ማንም የለም። ሺሳ ካንኮ ይሉታል። ዓይን፣ ጣት፣ አፍና ጆሮ አንድ ነገር ላይ ከዋሉ ሐሳብ አይባዝንም ነው ነገሩ። የጃፓን የባቡር ምርምር ተቋም ባደረገው ሙከራ፣ ሰዎች ዝም ብለው ሲሠሩ ከ100 ድርጊት 2.38 የነበረው ስህተት፣ እየጠቆሙና እየተናገሩ ሲሠሩ ወደ 0.38 ወርዷል። እኔም ከቤት ስወጣ ምድጃውን በጣቴ እየጠቆምኩ በአማርኛ «ጠፍቷል!» እላለሁ። በጣም ይሠራል፤ ሞክሩት።

ሰሞኑን ከሹፌሩ ክፍል መስታወት ጀርባ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ በጠቆመ ቁጥር እሱም ይጠቁማል፤ ሹፌሩ ሲናገር እሱም ይናገራል። ጓንት እንኳ አልቀረበትም፣ ድመት የተጠለፈበት የክረምት ሱፍ ጓንት። እናቱ በአንድ እጇ ቦርሳውን፣ በሌላው ኮፍያውን ይዛ ለተሳፋሪው ሁሉ ጎንበስ ጎንበስ እያለች ይቅርታ ትጠይቃለች። ባቡሩ መስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ልጁ እንደ ትልቅ ሰው ራሱን ነቀነቀና «ዮሺ!» አለ፤ «ልክ ነው!» እንደማለት። ፉርጎው ውስጥ ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ሁሉ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ያን ጌም የሚሠራ ሰው ከየት እንደሚበቅል ያኔ በዓይኔ አየሁት።

ነገሩ ለትልልቆቹም ቁም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2017 ከሚናሚ ናጋሬያማ ጣቢያ አንድ የጹኩባ ኤክስፕረስ ባቡር 20 ሰከንድ ቀድሞ ተነሣ። ልብ በሉ፣ አልዘገየም፤ ቀደመ። ቅሬታ ያቀረበ ተሳፋሪ አልነበረም፤ ኩባንያው ግን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። «አንድ ሰው የቀረው!» እየተባለ ግማሽ ሰዓት ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን ላደግን ሰዎች ይህ ከየትኛውም ዘንዶ የበለጠ ተረት ይመስላል።

«ሼንሙ»ን የተጫወታችሁ ደግሞ የመጠጥ ማሽኖቹን ታስታውሳላችሁ። ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው፣ ዮኮሱካ ከተማ ውስጥ የሚካሄደው ጌም ነው። አባቱ የተገደለበት ወጣት ገዳዩን ፍለጋ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ለስላሳ ይጠጣል፣ ከማሽን ትናንሽ አሻንጉሊቶች እየገዛ ይሰበስባል። ብዙ ሰው በዚህ ስቋል። አሁን በክረምቱ ማታ እዚህ ሰፈር ውጡ። ማሽኑ በየቅያሱ ቆሟል፤ ከታች ያለው ጽሑፍ ሰማያዊ ከሆነ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀይ ከሆነ ትኩስ። ከትኩሶቹ መካከል በጣሳ የሚሸጥ የበቆሎ ሾርባ አለ። ሾርባው ያልቅና ጥቂት የበቆሎ ፍሬ ከሥር ይቀራል። ከሥራ የሚመለስ ካፖርት የለበሰ ሰው መብራት ሥር ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀልብሶ፣ የጣሳውን ቂጥ በጣቱ ቸብ ቸብ ያደርጋል። ጣሳውን አፉ አጠገብ ጎድጎድ አድርጎ መጠጣት ፍሬው እንዳይቀር ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ነገሩ በደንብ የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። ከመካከላችን ጌሙን መቶ በመቶ ሳይጨርሱ የማይነሡትን አውቃቸዋለሁ፤ እነሱ ይህን ሰውዬ ይወዱታል።

በየቀኑ ስትገቡ ሽልማት የሚሰጣችሁ የስልክ ጌምም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 የተጀመረ የሬዲዮ ስፖርት አለ፤ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ይተላለፋል። በበጋ ዕረፍት ልጆች ሰፈራቸው ሜዳ ላይ ተሰብስበው ይሠሩና በተገኙበት ቀን ሁሉ ካርዳቸው ላይ ማህተም ይመታላቸዋል። ቅድመ አያቶቻቸው ያለ ስልክ ያውቁታል።

ወደ በዓሉ ልመለስ። የፈረንጆቹ ገና እዚህም ያለፈው በዶሮ ነው። ኬኤፍሲ እ.ኤ.አ. በ1974 በጀመረው ማስታወቂያ የተነሣ፣ ቤተሰቡ ሁሉ አስቀድሞ ያዘዘውን ጥብስ ዶሮ ዲሴምበር 24 ማታ ተሰልፎ ይወስዳል። ከዚያ ትልቁ በዓል፣ አዲስ ዓመት ይመጣል። ፖስታ ቤቱ ሰው አስቀድሞ የላከውን የመልካም ምኞት ካርድ ሁሉ ሰብስቦ ይይዝና ጃንዋሪ 1 ጠዋት በየበሩ ያድላል። ልጆች ከዘመድ በትናንሽ ኤንቨሎፕ ብር ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ብር ስንቱ ጌም እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም። ሱቆቹ ውስጡ የማይታይ የታሸገ ከረጢት ይሸጣሉ፤ ምን እንደደረሳችሁ የምታውቁት ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ነው።

ጨዋታ ከበዓል ጋር የተጋባው ግን ከኤሌክትሪክ በፊት ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1889 ኪዮቶ ውስጥ ሲቋቋም ሥራው ሃናፉዳ የሚባለውን አበባ የተሳለበት የመጫወቻ ካርታ ማምረት ነበር፤ ካርታውን ዛሬም ይሸጣል። በአዲስ ዓመት የሚጫወቱት ሃኔጹኪ የሚባልም አለ። ላባ የተሰካባትን ፍሬ በእንጨት ሰሌዳ እየመቱ ይቀባበላሉ፤ የጣለ ሰው ፊቱ ላይ በጥቁር ቀለም ይሳልበታል። አባትም ቢሆን፣ አያትም ቢሆን አይቀርለትም።

ይህን ስሰማ አፌ ላይ የመጣው የእኛው ነው፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ለሥራ ባልደረባዬ ገናችንን አስረዳሁት። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት የተሠራች ሩር፣ ሰፈር ከሰፈር የሚጋጠምበት ሜዳ፣ ሎሌው ጌታውን ቢመታው እንኳ ቂም የማይያዝበት ቀን። በጥሞና ሰማኝ፣ ዝም ብሎ አሰበ፣ ግራና ቀኝ ዓይቶ «ይህን ሕግ እኛ መሥሪያ ቤት ማስገባት ይቻላል?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃችን ሲያልፉ ሁለታችንም አንተያይም፤ ከተያየን በሳቅ እንሞታለን።

ዛሬ ማታ ከሥራ ስወጣ ወደ ካጹሺካ፣ ዮጹጊ እሄዳለሁ። ቶኪዮ ውስጥ ኢትዮጵያውያን የምንበዛበት ሰፈር ነው። የባቡር ጣቢያው ደግሞ ከላይ እስከ ታች በካፒቴን ጹባሳ፣ በዚያ የእግር ኳስ ካርቱን ጀግና ሥዕል ያጌጠ ነው፤ የታሪኩ ደራሲ የሰፈሩ ልጅ ናቸዋ። የገልፍ ልጆች፣ እናንተ «ካፒቴን ማጂድ» እያላችሁ በዐረብኛ ያያችሁት ያው እሱ ነው። ኳሱን አንስቶ የሚመታውን ጹባሳን አልፋችሁ ስትወጡ «እንኳን አደረሰህ!» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ።

እናንተንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። አዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲል እዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው። ያን ሰዓት ነቅቼ የምጠብቀው እናንተን ስለምወድ ነው። በዚህ ዓመት ሥራ ያጣችሁ፣ ዘመድ የቀበራችሁ፣ ስደት ላይ ብቻችሁን በዓል የምታሳልፉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የነገራችሁኝን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ዛሬ በየስማችሁ እያነሣሁ ጸልያለሁ።

ቅዳሜ በአገር ቤት አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ የገናን ግጥሚያ እንጀምራለን። ሁላችሁም ተጋብዛችኋል፤ ጀማሪም ይምጣ፣ እናትና አባትም ይምጡ። ሕጉ የሃኔጹኪ ነው፤ የተሸነፈ ጉንጩ ላይ ተስሎበት ፎቶውን ይለጥፋል። ቀለም ያጣ በኩል ይቀባ። መልካም ገና!