ድንኳን አይወጣለትም

«ድንኳን አይወጣለትም። የ3 ወር መዋጮ አለበት።»

ይህንን የተናገሩት የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። የተናገሩት ስለ እኔ ሲሆን፣ የተናገሩበትም ሰዓት መሞቴን ያለ አንዳች ጥርጥር ያመኑበት ሰዓት ነው። ሌላው ሌላው ይረሳል፤ ይህ ግን ጉርሻ ላነሳ እጄን ስዘረጋ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ሌሊት ስገላበጥ ይመጣብኛል። ሰው ሲሞት ቢያንስ «መቼ?» ተብሎ ይጠየቃል። እኔ ስሞት መዝገብ ተገለጠ።

የሞተው ላፕቶፔ ነበር። ማራገቢያው እየጮኸ፣ ባትሪው አብጦ የመዳሰሻ ሰሌዳውን ወደ ላይ እየገፋ፣ ቻርጀሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲያዝ እየሠራ ብዙ ዘመን አገልግሎኝ አንድ ምሽት ጨለመ። እኔም ብሎግ የምጽፍ ሰው ነኝና በተበደርኩት ኮምፒውተር የስንብት ጽሑፍ ጻፍኩለት። ርዕሱ «ከረጅም ድካም በኋላ ትናንት ማታ አረፈ» የሚል ነበር። በርዕሱ ኮርቼበታለሁ፤ አሁንም አልክድም።

ወዳጆቼ ብሎጌን የማያነቡበት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «መቼ ጻፍክ? ብትነግረን እኮ እናነብ ነበር።» እንግዲያው በጻፍኩ ቁጥር ለቴሌግራም ቻናሌ በራሱ መልእክት የሚልክ ነገር ላዘጋጅ አልኩ። ለዚህ የሚሆን አገልግሎት ሞልቷል። በአንድ በኩል ብሎግህን፣ በሌላ በኩል ማሳወቂያ የሚቀበለውን ታስቀምጥና «ይህ ሲሆን ያንን አድርግ» ትለዋለህ። ኮድ መጻፍ አያስፈልግም ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። እውነት ነው፣ አልጻፍኩም። ቀድሞ መጨረሻው «ቦት» የሚል ስም ላወጣሁለት ቦቴ፣ ማለትም በቴሌግራም በራሱ መልእክት ለሚልከው ፕሮግራም፣ ቦት ከሚወልደው ቦት ዘንድ ተመልሼ፣ ቁጥርና ሁለት ነጥብ አስቀድሞ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል የተዘበራረቀበት ቶክን የሚሉትን ቁልፍ ተቀብዬ፣ ከዚያ የመቀነስ ምልክት፣ 100፣ ቀጥሎም አሥር አኃዝ ያለበትን የቻት መለያ ለቅሜ አስገባሁ። ኮድ ያልሆነው ይህ ከሆነ ኮድ የሚባለውን ፈጣሪ አያሳየኝ።

ቦቱ ግን ከዚህ በፊትም ሥራ ነበረው። እድራችን ጡሩምባ ነፊ ካጣ ወዲህ ለቅሶ የሚነገረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ ጸሐፊውም «ኮምፒውተር ታውቃለህ» ብለው የመዋጮ ማስታወሻ እንዳዘጋጅ አዘውኝ ስለነበር ቦቱ እዚያ አባል ነው። በዚያ ግሩፕ ከሞት፣ ከመዋጮና ከበዓል መልካም ምኞት በቀር የሚጻፍ ነገር የለም። አገልግሎቱ ደግሞ ደግ መሆን አምሮት፣ በቻናሌ መለያ ፋንታ ከዚህ ቀደም የሠራሁበትን የእድሩን ግሩፕ መለያ በራሱ ሞልቶ ጠበቀኝ። ከስር «ሙከራ» የሚል ቁልፍ አለ። ሙከራ የተባለውን ነገር በእውነት፣ ለእውነተኛ ሰዎች፣ በእውነተኛ ስልካቸው ላይ ይልከዋል ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው? ላከው። የላከውም የመጨረሻውን ጽሑፌን ነው። በመጀመሪያው መስመር የጸሐፊው ስም፣ ማለትም የእኔ ሙሉ ስም ከነአባቴ፤ በሁለተኛው ርዕሱ፤ በሦስተኛው ሊንኩ።

«ነፍስ ይማር» የሚለው ወዲያው መጣ። የተጣመሩ እጆች ተከተሉ። አንዱ «አረፈ ምን ማለት ነው? አረፉ አይባልም እንዴ?» ብሎ ተቆጣ፤ ሌላው «ገና ልጅ እግር እኮ ነበር» ብሎ መለሰለት። አርባን ካለፍኩ ቆይቻለሁና ለአፍታ ደስ አለኝ።

ላጠፋው ሞከርኩ። ቦት የላከውን መልእክት ተራ አባል አያጠፋም፤ አስተዳዳሪው ጸሐፊው ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ስልክ አያነሱም፤ እየመጡ ነበር። ቦቱ ራሱ በ48 ሰዓት ውስጥ የላከውን መሰረዝ ይችላል፤ ትእዛዙ ግን የሚሰጠው በኮድ ነው። ለመግደል ያላስፈለገ ኮድ ለማስነሳት አስፈለገ። ስለዚህ በገዛ ስልኬ «አለሁ» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ «አይዞሽ እህታችን፣ በመንገድ ላይ ነን» የሚል ነበር። ባለቤቴ በስልኬ የምትጽፍ መስሏቸው ነው።

ወደ ግቢው ስወርድ ያን ሁሉ ሰው ሊንኩን ከቦ አገኘሁት።

ስለዚህ ሊንክ ጥቂት ልበል፤ ካልተናገርኩ ይወጣልኝ አይመስለኝም። የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር በሚመዘገቡበት ሥርዓት ውስጥ ገባ፤ እሰየው ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደላችን በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ 3 ባይት ነው፤ ሊንክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት የላቲን ፊደል ወይም አኃዝ ይጻፋል። አንድ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆነ ማለት ነው። የእኔ ርዕስ 19 ፊደል ነው፤ በቃላቱ መካከል ከሚገቡት 5 ሰረዞች ጋር 176 ምልክት ወጣው። ከዚያ ውስጥ 57ቱ የመቶኛ ምልክት ናቸው። እንደ መቀነት የተጠቀለለ ነገር ነው።

ጸሐፊው መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ስልኩን በክንዳቸው ልክ አርቀው፣ ለጉባኤው ጮክ ብለው ያነቡታል። «መቶኛ። ኢ አንድ። መቶኛ። ስምንት ኤ። መቶኛ። ኤ ስምንት።» ይህ እንግዲህ «ከ» ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡ የቅጣት ወለድ ነው አሉ። አንዲት እናት የሐዘን መዋጮ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ነው አሉ። ጡረተኛው መምህር ራሳቸውን ነቅንቀው «የበሽታው ስም መሆን አለበት» አሉ፤ ይህ አሳማኝ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊውም የሟቾችን መዝገብ ጭናቸው ላይ ዘርግተው «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ሥር፣ በቀይ ቢክ፣ ይገለብጡት ጀመር። ዓምዱ ጠበበ። ወደ «አድራሻ» ተሻገሩ። ከዚያ ወደ ኅዳጉ ወጥተው ገጹን ዞረው ተመለሱ። የእድር መዝገብ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድበትም፤ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። የአባቴ ሞት ምክንያት በዚያው መዝገብ «ሕመም» ተብሎ በአንድ ቃል ነው ያለፈው።

«ድንኳን አይወጣለትም» የተባለው በዚህ መካከል ነው፤ እኔ ከኋላ ቆሜ እየሰማሁ። ዞረው አዩኝ። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። «መጣህ? የ3 ወሩን ይዘኸዋል?» አሉኝ።

ከፍያለሁ! የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በየወሩ በስልኬ ወደ እድሩ የባንክ ሒሳብ አስተላልፌያለሁ። የባንኩን አጭር መልእክት አውጥቼ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ አሳየኋቸው። «ልጄ፣ በስልክ የመጣ ነገር አይታመንም። አሳትመህ፣ ባንክ ማኅተም አስመትተህ አምጣ» አሉ። ይህንን ሲሉ ሞቴን ያነበቡበት ስልክ በእጃቸው ነው። ማኅተም ለማስመታት ደግሞ ፈቃድ ወስጄ ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ መስኮቱ ጋ ስደርስ «ይህ በስልክዎ ይታያል እኮ» ልባል ነው።

ከታችኛው ፎቅ እትዬ ንፍሮውን ይዘው የደረሱት ያኔ ነው። እንዴት እንዳደረሱት አይገባኝም፤ ለሰርካቸው ሽንብራና ስንዴ ጥደው ኖሯል። ያረፈው ኮምፒውተር መሆኑን አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እሱስ ቢሆን ስንት ዓመት አብሮህ ኖሯል» ብለው በእፍኜ ዘገኑልኝ። ባለቤቴ ከሰገነት ሆና በራሴ ለቅሶ ላይ ቆሜ ንፍሮ ስቆረጥም አየችኝ። ምንም አላለችም፤ መስኮቱን ዘጋች።

ሰው ሲበተን ጸሐፊው ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። በድምፃቸው ውስጥ አክብሮት ነበር። «ይህ ያንተ ነገር እንዲህ ለሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ያደርሳል?» አሉ። ያደርሳል አልኳቸው። አዲስ ነገር መኖር አለመኖሩን በየ15 ደቂቃው እያየ። «በየ15 ደቂቃው!» ብለው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ያልከፈሉ አባላት ስም ዝርዝር ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ይለፈፍ አሉ። አንደኛው ተራ ቁጥር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ፊቴን አይተው «በፊደል ተራ ስለተጻፈ ነው» ብለው አጽናኑኝ።

ስሜ የሚጀምረው በ«ዘ» ነው።